ዙሪያ የሚነግረንና የሚሰውረን

ቦታ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ካሬ ነው?» ብሎ ነው። «200 ካሬ» ይባላል፤ ዋጋውም በዚያው ቁጥር ተባዝቶ ይነገረዋል። ሁለት ባለ 200 ካሬ ቦታዎች ግን ለአጥር እኩል ብሎኬት ላይፈልጉ ይችላሉ። አንዱ 10 ሜትር በ20 ሜትር ከሆነ አጥሩ 60 ሜትር ይሆናል። ሌላው 5 ሜትር በ40 ሜትር ከሆነ 90 ሜትር ይፈጃል። ቁመቱ 2 ሜትር የሆነ አጥር በብሎኬት ቢገነባና የብሎኬቱ ፊት 20 በ40 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ለአንድ ካሬ ሜትር 12 ተኩል ብሎኬት ይገባል። የመጀመሪያው ቦታ በርን ሳንቀንስ 1,500 ብሎኬት ይወስዳል፤ ሁለተኛው 2,250። በካሬ ሲነገሩ እኩል የነበሩት ቦታዎች በ750 ብሎኬት ተለያዩ ማለት ነው። ይህን ልዩነት አስቀድሞ ሊነግረን የሚችለው ዙሪያው ነበር።

የሬክታንግልን ዙሪያ ማስላት በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማርነው፣ አብዛኞቻችንም እስከ ዛሬ በቃላችን የምንይዘው ነገር ነው፤ ርዝመትና ወርድ ይደመራል፣ ድምሩ በሁለት ይባዛል። ቀመሩ አጭር ስለሆነ ጉዳዩ ያለቀ ይመስላል። ዙሪያ ምን እንደሚለካ፣ ምንን ደግሞ ፈጽሞ ሊለካ እንደማይችል ግን ብዙ ጊዜ ሳይነገረን ያልፋል። ሰዎች መሬት ሲካፈሉ፣ ቤት ሲያሠሩ፣ አጥር ሲያጥሩ የሚጎዱት በዚህኛው ክፍተት በኩል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

ዙሪያ ማለት ከአንድ ማዕዘን ተነስተን፣ ድንበሩን ይዘን፣ እዚያው የተነሳንበት ማዕዘን እስክንደርስ የምንሄደው መንገድ ርዝመት ነው። በ10 በ20 ቦታ ላይ 20 ሜትር ሄደን እንታጠፋለን፤ 10 ሜትር ሄደን እንታጠፋለን፤ ደግሞ 20፣ ደግሞ 10። ሲደመር 60 ሜትር። ፊት ለፊት የሚተያዩት ጎኖች እኩል ስለሆኑ አንዱን ርዝመትና አንዱን ወርድ ደምረን እጥፍ ብናደርገው ያው ነው፤ 20 እና 10፣ 30፤ የ30 እጥፍ 60። ቀመሩ ከዚህ የእግር ጉዞ የተለየ ምሥጢር የለውም።

ተማሪዎች በብዛት የሚስቱት እዚሁ ላይ ነው፤ 30 ብለው ያቆማሉ። ምክንያቱም ግልጽ ነው። በመጽሐፉ ሥዕል ላይ ቁጥር የሚጻፈው በሁለት ጎኖች ላይ ብቻ ነው፤ ልጁም ያየውን ደመረ። ቀመሩን ደጋግሞ ከማስጠናት ይልቅ ጣቱን አንድ ማዕዘን ላይ አስቀምጦ እስኪመለስ ድረስ መስመሩን እንዲከተል ማድረግ ይሻላል። ጣቱ ቁጥር ያልተጻፈባቸውን ጎኖችም ስለሚያልፍባቸው፣ ሁለቱ የተረሱት ራሳቸው ያስታውሱታል።

ሌላው ስህተት ዙሪያንና ስፋትን ማምታታት ነው፤ ለዚህ ደግሞ አንዳንዴ ምሳሌዎቻችን ራሳቸው ያጋልጡናል። ጎኑ 4 ሜትር የሆነ ካሬ ዙሪያው 16 ሜትር ነው፤ ስፋቱም 16 ካሬ ሜትር ነው። 3 በ6 የሆነ ሬክታንግል ዙሪያው 18፣ ስፋቱም 18። ጎኖቻቸው ሙሉ ቁጥር ከሆኑ ሬክታንግሎች ሁሉ ይህ የሚያጋጥመው በእነዚህ በሁለቱ ብቻ ነው፤ መምህራን ለመጀመሪያ ምሳሌነት ባይመርጧቸው ደግ ነው። እኩልነቱ ስሙ እንጂ ግብሩ እንደሌለ ለማየት ሜትሩን ወደ ሴንቲ ሜትር እንለውጠው። የካሬው ጎን 400 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ዙሪያው 1,600፣ ስፋቱ ደግሞ 160,000 ሆኖ ቁጭ ይላል። ቦታው አልተነካም፤ መለኪያው ሲለወጥ ግን የቁጥሮቹ መመሳሰል ጠፋ። ዙሪያ የመስመር ርዝመት ነው፤ ስፋት ግን በመስመሩ ውስጥ የተዘጋው ሜዳ መጠን ነው። የሁለቱን ትልቅነት ማወዳደር ራሱ ትርጉም የለውም።

ይሁን እንጂ ሰው አንዱን በሌላው ሲተካ የኖረው ከጥንት ጀምሮ ነው። የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ቱሲዲደስ የሲሲሊን ደሴት ትልቅነት ለአንባቢው ሲገልጽ፣ የንግድ መርከብ ዙሪያዋን ለመዞር ስምንት ቀን ሊሞላ ትንሽ የቀረው ጊዜ እንደሚፈጅባት ይነግረናል። ይህ የባሕሩን ዳርቻ ይነግረናል እንጂ የደሴቲቱን ሜዳ አይነግረንም። ከእርሱ ወዲህ በሁለተኛው ክፍለ ዘመን ቅድመ ልደተ ክርስቶስ የኖረው ሌላው የግሪክ ታሪክ ጸሐፊ ፖሊቢየስ ደግሞ ነገሩን በቀጥታ ነቀፈው። ብዙ ሰዎች የከተማንም ሆነ የጦር ሰፈርን ትልቅነት በዙሪያው ብቻ እንደሚገምቱ፣ ስለዚህም የሜጋሎፖሊስ ዙሪያ 50 ስታድ (የግሪኮች የርዝመት መለኪያ ነው)፣ የስፓርታ ደግሞ 48 ስታድ ሆኖ ሳለ ስፓርታ የሜጋሎፖሊስን እጥፍ ታክላለች ሲባሉ ማመን እንደሚያቅታቸው ጻፈ። ፖሊቢየስ ራሱ የሜጋሎፖሊስ ተወላጅ ነበር። ስለ ገዛ ከተማው ረጅም ቅጥርና ጠባብ ሜዳ እንዲህ በግልጽ መመስከሩ ያስመሰግነዋል።

በአምስተኛው ክፍለ ዘመን ዓመተ ምሕረት የኖረው የግሪክ ፈላስፋ ፕሮክለስ ያስቀረልን ወሬ ከዚህም የባሰ ነው። የጂኦሜትሪ ሊቁን የዩክሊድን መጽሐፍ ሲያብራራ፣ በመሬት ክፍፍል ጊዜ ዙሪያው ረጅም የሆነውን ለባልንጀሮቻቸው እየሰጡ፣ ስፋቱ የበዛውን ለራሳቸው የሚያስቀሩ ሰዎች እንደነበሩ ይናገራል። በዚህም ላይ ቅኖች ተብለው ይመሰገኑ ነበር። ስሌቱን በራሳችን ቁጥሮች እንሞክረው። አንደኛው ወንድም 15 በ15 የሆነውን ይወስዳል፤ ዙሪያው 60 ሜትር። ለሌላው 28 በ4 የሆነውን ይሰጠዋል፤ ዙሪያው 64 ሜትር። በገመድ ዞሮ የለካ ሽማግሌ ሁለተኛው በ4 ሜትር ተጠቀመ ይላል። ስፋቱ ሲሰላ ግን የመጀመሪያው 225 ካሬ ሜትር፣ የሁለተኛው 112 ነው። ከግማሽም ያነሰ ሰጥቶት «ጨመርኩልህ» ማለት ተቻለ።

ለምን እንዲህ ይሆናል? እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል፤ የነገሩ ውበትም ያለው እዚህ ነውና። ዙሪያው 60 ሜትር የሆነ ሬክታንግል ሁሉ የርዝመቱና የወርዱ ድምር 30 ነው። ሁለቱ እኩል ቢሆኑ 15 እና 15 ይሆናሉ። እኩል ካልሆኑ አንዱ ከ15 የጨመረውን ያህል ሌላው ከ15 ይቀንሳል፤ ድምሩ 30 እንዲሆን ሌላ መንገድ የለም። 5 ብናዛውር 20 እና 10 ይሆናሉ። ስፋቱ 200 ነው፤ ከ225 የጎደለው 25፣ ማለትም 5 በ5። 10 ብናዛውር 25 እና 5 ይሆናሉ። ስፋቱ 125 ነው፤ የጎደለው 100፣ 10 በ10። 14 ብናዛውር 29 በ1 የሆነ ቀጭን ቦታ እናገኛለን። ስፋቱ 29 ብቻ ነው፤ የጎደለው 196፣ 14 በ14። ከመካከለኛው ቁጥር የራቅነውን ያህል በራሱ ተባዝቶ ከስፋቱ ይቀነሳል። ምንም ካልራቅን ምንም አይቀነስም። ስለዚህ ዙሪያቸው እኩል ከሆኑ ሬክታንግሎች ሁሉ ሰፊው ካሬው ነው። ዩክሊድ ይህንኑ ዝምድና በሁለተኛው መጽሐፉ አምስተኛ ንድፈ ሐሳብ ላይ ያለ ምንም ቁጥር፣ በመስመርና በቅርጽ ብቻ አረጋግጦታል።

ይኸው ሐሳብ ወደ ኋላም ያስኬዳል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1800 ገደማ በሸክላ ሰሌዳ ላይ ይጽፉ የነበሩት የባቢሎን ሊቃውንት ለተማሪዎቻቸው ከሰጧቸው ጥያቄዎች መካከል፣ የርዝመቱና የወርዱ ድምር ከስፋቱ ጋር ተነግሮ ጎኖቹን ፈልጉ የሚል ይገኝበታል። አካሄዱ ከላይ ያየነው ነው። ድምሩ 30፣ ስፋቱ 216 ነው እንበል። የድምሩ ግማሽ 15፤ በራሱ ሲባዛ 225። ስፋቱ ሲቀነስ 9 ይቀራል። የ9 ዳግም ዘር 3 ነው። ከ15 ላይ 3 ጨምረን 18፣ ቀንሰን 12፤ ጎኖቹ እነዚሁ ናቸው። በሌላ አነጋገር ዙሪያ ለብቻው የቦታውን መልክ አይነግረንም፤ ስፋትም ለብቻው አይነግረንም። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ሬክታንግሉ ሊሸሸግ አይችልም።

በዚህ ዘዴ የፖሊቢየስን ከተሞችም መፈተሽ እንችላለን። ነገሩን ለማቅለል ሁለቱም ሬክታንግል ይሁኑ፣ ስፓርታም ካሬ ትሁን። ዙሪያዋ 48 ከሆነ ጎኗ 12፣ ስፋቷ 144 ነው። የሜጋሎፖሊስ ስፋት ግማሹ ነው ብለን 72 እንያዝ፤ የርዝመቷና የወርዷ ድምር 25 ነው። የ25 ግማሽ 12.5፤ በራሱ ሲባዛ 156.25፤ 72 ሲቀነስ 84.25፤ ዳግም ዘሩ 9.18 ገደማ። ስለዚህ ርዝመቷ 21.7፣ ወርዷ 3.3 ስታድ ያህል የሆነ ከተማ የፖሊቢየስን ቃል ይፈጽማል። ያ ሁሉ ሰው ማመን ያቃተው ነገር የተራዘመ ቅርጽ ብቻ ይበቃዋል።

ካሬ ሁልጊዜ ያዋጣል ብሎ መደምደም ግን ችኮላ ነው፤ አንዱ ጎን አጥር ካላስፈለገው ነገሩ ይለወጣል። 60 ሜትር ሽቦ ያለው ገበሬ አንድ ረጅም የድንጋይ ካብ ተደግፎ ለከብቶቹ በረት ሊያጥር ነው። ሽቦው ለሦስት ጎን ብቻ ይበቃዋል። በካሬ ቢያጥር 20፣ 20፣ 20 ሆኖ 400 ካሬ ሜትር ያገኛል። ወደ ውስጥ 15፣ በካቡ አግድም 30 ቢያደርገው ግን 450 ይሆንለታል። ምክንያቱን ለማየት ከካቡ ወዲያ ማዶ ልክ እንደዚሁ ያለ ሌላ በረት እንዳለ እናስብ። ሁለቱ ተጋጥመው ዙሪያው 120 ሜትር የሆነ አንድ ትልቅ ሬክታንግል ይሠራሉ። የዚህ ትልቅ ሬክታንግል ምርጡ 30 በ30 ካሬ ነው፤ ካቡ በመሃል ሲከፍለው የገበሬው ድርሻ 15 በ30 ይወጣል።

ዙሪያ የሚሰውረው ሌላው ነገር ማዕዘን ነው። አራት ቀጥ ያሉ እንጨቶችን፣ ሁለቱን ባለ 20 ሁለቱን ባለ 10፣ ጫፍ ለጫፍ አያይዘን ወደ ጎን ብንገፋቸው ቅርጹ ያዘነብላል። ዙሪያው 60 እንደሆነ ይቆያል። ስፋቱ ግን ይቀንሳል፤ ማዕዘኑ ከ90 ወደ 60 ዲግሪ ቢወርድ 200 የነበረው ወደ 173 ይጠጋል። ስለዚህ አራት ጎን በሜትር ለክቶ «ልክ ነው» ማለት አይበቃም። ግንበኞች ይህን ስለሚያውቁ ማዕዘኑ ላይ 3 ሜትር በአንድ ወገን፣ 4 ሜትር በሌላ ወገን ይለኩና መሃሉ 5 ሜትር መምጣቱን ያያሉ። ወይም ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሰያፍ ሲባጎ ወጥረው ሁለቱ ሰያፎች እኩል መሆናቸውን ያረጋግጣሉ። በ10 በ20 ቦታ ላይ ሁለቱም 22 ሜትር ከ36 ሴንቲ ሜትር ያህል መምጣት አለባቸው።

የማዕዘን ነገር ከተነሳ፣ ከሬክታንግሉ አንድ ጥግ ቢቆረጥስ? ከ10 በ20 ቦታችን ጥግ ላይ 4 በ5 የሆነ ቁራጭ ለመንገድ ተወሰደ እንበል። አጥሩ አሁን ወደ ውስጥ ገብቶ ይታጠፋል፤ ይሁንና ወደ ውስጥ የገቡት ሁለት ጎኖች ከተወሰዱት ሁለት ጎኖች ጋር ልክ እኩል ናቸው። ዙሪያው 60 ሜትር እንደነበረ ነው፤ ስፋቱ ግን 180 ሆኗል። ቁራጩ ከጥግ ሳይሆን ከአንዱ ጎን መሃል ቢወሰድ ደግሞ ይብሳል። ወደ ውስጥ 4 ሜትር ቢገባ ዙሪያው በ8 ሜትር ይረዝማል፤ መሬት እያነሰ አጥር ይጨምራል።

ወደ ቤት ሥራ ስንመጣ ሌላ ጥያቄ ይነሳል፤ የትኛው ዙሪያ? ግድግዳ ውፍረት አለው። በውጭ 8 በ10 ሜትር የሆነ፣ ግድግዳው 20 ሴንቲ ሜትር የሚወፍር ቤት እንውሰድ። የውጭ ዙሪያው 36 ሜትር ነው። በውስጥ 7.6 በ9.6 ስለሚሆን የውስጥ ዙሪያው 34.4 ነው። በግድግዳው ውፍረት መሃል ለመሃል ብንሄድ ደግሞ 7.8 በ9.8 ሆኖ 35.2 እናገኛለን። ሦስቱም ትክክል ናቸው፤ የሚያገለግሉበት ሥራ ግን ይለያያል። የውጭ ልስንና ቀለም በውጩ ይሰላል። በግድግዳው ግርጌ በወለሉ ጠርዝ የሚለጠፈው ዞኮሎ በውስጡ ይሰላል፤ የበሩ ክፍተት ይቀነስለታል። የመሠረት ቁፋሮና የግንብ መጠን የሚሰላው ግን በመሃለኛው ነው።

ለምን በመሃለኛው? ግድግዳው መሬት ላይ የሚይዘውን ቦታ እናስላ። ውጩ 80 ካሬ ሜትር ነው፤ ውስጡ 72.96። ልዩነቱ 7.04 ነው። አሁን መሃለኛውን ዙሪያ በውፍረቱ እናባዛ፤ 35.2 በ0.2፣ 7.04። ምንም ሳይጎድልና ሳይተርፍ ገጠመ። በውጩ ብናሰላ 7.2 ይመጣል፤ ይህ አራቱን ጥጎች ሁለት ሁለት ጊዜ ስለሚቆጥር 0.16 ያበዛል። በውስጡ ብናሰላ 6.88 ነው፤ ጥጎቹን ጨርሶ ስለሚዘልላቸው ያንኑ 0.16 ያጎድላል። መሃለኛው መስመር አንዱ የሚያበዛውንና ሌላው የሚያጎድለውን ያቻችለዋል። ለአንድ ትንሽ ቤት ልዩነቱ ኢምንት ይመስላል። ግድግዳው ሲወፍርና ክፍሉ ሲበዛ ግን የድንጋይና የሲሚንቶ ሒሳቡን ያዛባል፤ በዚህ የሚነሳውን የባለቤትና የሥራ ተቋራጭ ክርክር መሃለኛው መስመር አስቀድሞ ይዘጋው ነበር።

ሦስቱን ቁጥሮች ስናይ አንድ ነገር ዓይን ይስባል። 34.4፣ 35.2፣ 36፤ በየመካከላቸው 0.8 አለ። ወደ ውጭ በ10 ሴንቲ ሜትር በወጣን ቁጥር ዙሪያው በ80 ይጨምራል። ሬክታንግሉን በአራቱም ወገን እኩል ስናሰፋው ርዝመቱም ወርዱም በሁለቱ ጫፋቸው ይጨምራሉ፤ እያንዳንዱ ጭማሪ ደግሞ ሁለት ጎን ላይ ይቆጠራል። ስለዚህ የወጣንበት ስምንት እጥፍ ይደመራል። የሚያስገርመው ሬክታንግሉ ትንሽ ይሁን ትልቅ ግድ የማይሰጠው መሆኑ ነው። የዚያው ቤት ጣራ በአራቱም ወገን 60 ሴንቲ ሜትር ወጣ ቢል፣ የአሸንዳው ርዝመት ከ36 ላይ 4.8 ጨምሮ 40.8 ሜትር ይሆናል። ለዓለም አቀፍ ጨዋታ የተለመደው 105 በ68 ሜትር የኳስ ሜዳ ዙሪያው 346 ሜትር ነው። ከመስመሩ 2 ሜትር ርቀን አጥር ብናደርግለት 362 ይሆናል፤ የጨመረው 16 ብቻ። ለአንድ ጎጆ ያህል ቤትም 2 ሜትር ርቀን ብናጥር የሚጨምረው ያው 16 ነው።

ተዳፋት ቦታ ያለው ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር ማሰብ አለበት። የቦታ ካርታ ላይ የሚሰፍረው ርቀት አግድም የተለካ ነው፤ አጥሩ ግን የሚሄደው መሬቱን ተከትሎ ነው። 20 ሜትር የተባለው ጎን ከጫፍ እስከ ጫፍ 4 ሜትር ቁልቁል የሚወርድ ከሆነ የመሬቱ ርዝመት 20.4 ሜትር ያህል ነው። ሁለቱም ረጃጅም ጎኖች ተዳፋት ከሆኑ ሽቦው 80 ሴንቲ ሜትር ያጥረዋል።

በመጨረሻ ቋሚዎቹ አሉ፤ እዚህም ዙሪያን ማካፈል ብቻውን አያዋጣም። በሁለት ቋሚዎች መካከል ከ3 ሜትር በላይ እንዳይርቅ ከተፈለገ 60 ለ3 ሲካፈል 20 ክፍተት ይሆናል። ቀጥ ባለ 60 ሜትር መስመር ላይ 20 ክፍተት 21 ቋሚ ይፈልጋል፤ አጥር ግን ዞሮ ስለሚገጥም የመጨረሻው ቋሚ የመጀመሪያው ራሱ ነው፤ 20 ይበቃል። ቦታው 12 በ18 ከሆነ በትክክል እንዲሁ ነው፤ 12ቱ በአራት፣ 18ቱ በስድስት ክፍተት ይሞላሉ። 10 በ20 ከሆነ ግን በየማዕዘኑ ቋሚ መቆም ስላለበት 10ሩን ሜትር በሦስት መክፈል አይቻልም፤ ክፍተቱ ከ3 ሜትር ያልፋል። ስለዚህ ለ10ሩ አራት ክፍተት በየ2.5 ሜትር፣ ለ20ው ሰባት ክፍተት በየ2.86 ሜትር ገደማ ይደረጋል። አራትና ሰባት ሲደመሩ 11፣ እጥፉ 22 ቋሚ። ዙሪያቸው እኩል 60 ሆኖ ሳለ ይህኛው ቦታ ሁለት ቋሚ ይበልጣል። በፊት ለፊቱ 10 ሜትር መሃል 4 ሜትር የመኪና በር ከገባ ደግሞ፣ በግራ 3፣ በቀኝ 3 ሜትር ይቀራል፤ የፊቱ አራት ክፍተት በሩን ጨምሮ ወደ ሦስት ይወርዳል፤ ቋሚውም 21 ይሆናል። ከእነዚህ ሁለቱ በሩን ስለሚሸከሙ ወፈር ማለት አለባቸው። ሽቦ የሚፈልገው ርዝመት 56 ሜትር ነው፤ በአምስት ረድፍ የሚታጠር ከሆነ ለመጠምጠሚያው ከሚተወው ትርፍ ሌላ 280 ሜትር ይገዛል።